ያልተላጠው ራኬት

ጥቅምት 8

ጋሼ፣

ትንፋሽዎ እንዴት ነው? ሰው ደብዳቤ ሲጀምር ጤና ይጠይቃል፤ እኔ ግን ትንፋሽዎን ብቻ ልጠይቅ። እሱ ከተስተካከለ ሌላው ይከተላል።

ዝም በማለቴ ቢቀየሙኝ እውነትዎን ነው። ጽፈው ጽፈው አንድ መልስ አላገኙም። ቤቱ ሰው በዝቶበት ነበር። አንዱ ሲወጣ ሌላው ሲገባ፣ ስፌቱም ተከምሮብኝ፣ ብዕር የማነሳበት ልብ አጣሁ። ይህ ምክንያት እንደማይዋጥልዎ አውቃለሁ። ለእኔም አልተዋጠልኝም፤ ግን ይቅር ይበሉኝ።

ወንድምዎ ራሱ ለምን አይጽፍም ብለዋል። ጋሼ፣ ያሳደጉት እርስዎ ነዎት፣ እኔ ያገባሁት ብቻ ነኝ። እንኳን ደብዳቤ ፊርማ ሲያኖር ወገቡን የሚያመው ሰው መሆኑን ከእኔ በላይ ያውቃሉ። መስታወት ሲቆርጥ ቅንጣት የማይንቀጠቀጠው እጁ እስክሪብቶ ሲያይ ይደነብራል። ስለዚህ እንደ ወትሮው ጸሐፊዋ እኔው ነኝ። በስልክ እንዳያወሩ መከልከልዎንም ሰምቻለሁ። ጥሩ አደረጉ፤ ትንፋሽዎን ለቀዶ ጥገናው ያስቀምጡት።

የጠረጴዛ ቴኒስ ክለባችሁ ወሬ እንዳይቀርብዎ ብዬ ቅዳሜ ቅዳሜ እኔ ራሴ መሄድ ጀምሬያለሁ። የእጅ ስፌቴን ይዤ ወረቀት መጋዘኑ ምድር ቤት እወርድና አግዳሚው ላይ ቁጭ እላለሁ። ጠረጴዛው ያው ነው፤ መረቡ በአንድ በኩል እንደዘመመ ነው። ታክሲ ነጂው አሁንም ፍሬን የለውም። የመጣለትን ሁሉ ይለጋል፣ ኳሷ ጠረጴዛው ላይ ካረፈች ከሁሉ በፊት የሚገረመው እሱ ነው። የሂሳብ መምህርቷ ከቦታዋ ሳትነቃነቅ ራኬቷን ታስቀምጣለች፤ ኳሷ ራሷ መጥታ ተመትታ ትሄዳለች። ፀጉር አስተካካዩ ደግሞ ሰርቪስ ከመምታቱ በፊት አንድ ተረብ ይወረውራል፣ ሰውየው ስቆ ሳይጨርስ ኳሷ ተሽከርክራ አልፋዋለች።

ወንድምዎም ይጫወታል። ባለፈው ቅዳሜ ከታክሲ ነጂው ጋር ገጥሞ ነበር። ያ ሲለጋ እሱ ወደ ኋላ ሲያፈገፍግ፣ ጀርባው ግድግዳውን እስኪነካ ድረስ ሄዶ ኳሶቹን ከስር እየቆረጠ መለሰለት። ልክ እንደ እርስዎ። ሰው ሁሉ አጨበጨበ።

ሐኪምዎ የጻፉልንን አንብበናል። ቀዶ ጥገናው እስኪደረግ ምንም የሚያስደነግጥ ነገር እንዳይሰሙ፣ ልብዎ ከተረበሸ ማደንዘዣውን እንደማይችሉት ነግረውናል። አደራ፣ ምንም አያስቡ። እዚህ ሁላችንም ደህና ነን። ፀጉር አስተካካዩ ከታች ሰላምታ ጨምሯል።

«ውድ ወንድማችን፣ ሁላችንም ዘወትር እናስብሃለን። በርታልን።»


ጥቅምት 29

እህቴ፣

ደብዳቤሽ ደረሰኝ። ተቀይሜ ነበር፤ ሳነበው ለቀቀኝ።

በላክሽልኝ ሹራብ ኪስ ውስጥ በከተትሻት ቁራጭ ወረቀት እበላ እንደሆነ ጠይቀሻል። እበላለሁ። እዚህ የሚቀርበው ሁሉ አንድ ጣዕም ነው ያለው፣ የጣሳ ጣዕም፤ ግን እበላለሁ። አልጋዬ በመስኮቱ በኩል ነው። መስኮቱ የሚያሳየኝ የልብስ ማጠቢያ ቤቱን ጭስ ማውጫ ብቻ ቢሆንም ጎረቤቴ በእሱም ይቀናብኛል። ጎረቤቴ የመርከብ በያጅ ነበር። አንድ ነገር ለመናገር መሐል ላይ ያርፋል፣ ካረፈ በኋላ ምን ሊል እንደነበር ይረሳል፣ እኔ አስታውሰዋለሁ። እሱ ጭሱን፣ እኔ የብረት ሞረዳ ብናኙን ዕድሜ ልካችንን ስንበላ ኖረን አሁን እነሱ እኛን እየበሉን ነው ብለን እንስቃለን። ሳቁም ያስለናል።

ስለ ጨዋታው የጻፍሽውን ደጋግሜ አነበብኩት። ቀጥሎ ስትሄጂ አንድ ነገር እይልኝ። ከወገብ በላይ ተዪውና የወንድሜን እግር እይ። የት ያቆመዋል? ኳስ ስትመጣ ምን ያደርገዋል? እኔና እሱ ቴኒስ የተማርነው ሳጥኖች ላይ ባጋደምነው አሮጌ በር ነው፣ እናታችን ዕቃ በምታከማችባት ጠባብ ክፍል ውስጥ። ያኔ የለመደ እግር አይለወጥም።

አንቺ የዚያን ምድር ቤት ሽታ እንኳ አትወጂም ነበር። የወረቀትና የላብ ሽታ ራሴን ያዞረኛል ብለሽ ደጅ ላይ ነበር የምትጠብቂው። ዛሬ ስፌት ይዘሽ መውረድሽ ገረመኝ።

ለፀጉር አስተካካዩ ሰላምታዬን አድርሽልኝ። ታሟል እንዴ?


ኅዳር 14

ጋሼ፣

ፀጉር አስተካካዩ አልታመመም። የጠየቁትን ሳነብለት ሳቀ፤ ከዚያ ወደ ውጭ ወጣና ቆየ።

እግሩን አየሁልዎት። ቀኙን ወደ ኋላ አድርጎ ጉልበቱን ሰበር ያደርጋል። ኳሷ ስትፈጥን ወደ ኋላ ይሮጣል፣ ስታጥር ተንደርድሮ ይመለሳል፤ ወለሉን ሲያካልለው ነው የሚያመሸው። ባለፈው ሳምንት ግን መምህርቷ አሸነፈችው። እሱ ከሩቅ ቆሞ ሲጠብቅ ኳሷን ከመረቡ ሥር ጣል አደረገችበት፣ ሮጦም አልደረሰባትም። ሁልጊዜ አሸነፈ እያልኩ እንዳልሸነግልዎ ሽንፈቱንም ጻፍኩልዎ።

በመካከሉ በላኩት ካርድ ለምን መጥቶ አያየኝም ብለዋል። መስታወት ቤቱ ፈቃድ አልሰጥ አለው። አዲስ የሚሠራ ትልቅ ሕንፃ አለ፣ መስኮቱ ሁሉ በእነሱ ነው የሚቆረጠው። ከሥራ ሲመለስ ደክሞት ዝም ይላል። ዝም ሲል እኔም ዝም እላለሁ። ቤታችን ሰሞኑን ጸጥ ያለ ነው።

የላክሁልዎት ሹራብ ልክዎ ሆነ? ሰፍቶዎት ከሆነ ይላኩልኝ፣ አጠብበዋለሁ።

ጋሼ፣ ቀዶ ጥገናው መቼ እንደሆነ ቶሎ ያሳውቁኝ። ከዚያ በኋላ ብዙ የምናወራው ይኖረናል።


ኅዳር 30

እህቴ፣

ሹራቡ ልኬ ነው።

በአጭሯ ወረቀትሽ ስለ ባዶዎቹ ራኬቶች ጠይቀሽኛል። ክለቡ ውስጥ ሆነሽ እነሱን ሳትጠይቂ እኔን መጠየቅሽ ቢገርመኝም እነግርሻለሁ። ምስማር ላይ ተሰቅለው የምታያቸው፣ ጎማ የሌላቸው፣ የሞቱት አባሎቻችን ናቸው። አንድ አባል ሲሞት የጥንድ ጨዋታ አጋሩ፣ ማለት ከጎኑ ሆኖ አብሮት የሚጫወተው ሰው፣ የራኬቱን ጎማ በሁለቱም ወገን ይልጠዋል። እንጨቱ ብቻ ይሰቀላል፣ ሌላ ሰው አንስቶ እንዳይጫወትበት። ከአጋሩ በቀር ማንም አይነካውም። አጋሩ ሩቅ ከሆነ ራኬቱ እንዳለ ሆኖ ይጠበቃል፣ ዓመትም ቢሆን።

መምህርቷ የሟች አጋሯን፣ የፋርማሲ ባለቤቱን፣ ራኬት ስትልጥ ነበርኩ። ሰውየው ኳስ በቀስታ ሲመልስ ቆይቶ አንዴ ብቻ በኃይል የሚመታ፣ አንዴ ሲመታ ደግሞ ተጋጣሚውን የሚያሳዝን ትዕግሥተኛ ነበር። ሙጫው አልለቅ አላት። ጎማው እየተቆራረጠ በጥፍሯ ነቀለችው። ታክሲ ነጂው እንኳ፣ ያ መጠበቅ የማይችለው ሰው፣ እጁን ኪሱ ከትቶ ቆሞ ነበር። ማገዝ አይፈቀድም።

ቀዶ ጥገናው ታኅሣሥ 20 ነው። ከዚህ ሌላ የምጠይቅሽ የለኝም። ራስሽን ጠብቂ፣ ብርድ ልብስ ደርቢ፣ ምግብ እንዳትዘልዪ።


ታኅሣሥ 9

ጋሼ፣

በደብዳቤዎ ስለ ወንድምዎ አንድም ቃል አልጠየቁም። ወረቀቱን ገልብጬ ጀርባውን ሁሉ አየሁት።

እሱ ደህና ነው። ደህና ነው። ቅዳሜ ዕለት ከፀጉር አስተካካዩ ጋር ተጫውቶ ነበር። ያ እንደ ልማዱ አሽከርክሮ ሲመታ እሱ ወደ ኋላ ብሎ

ይህን ጀምሬ አቋርጬው ነበር፤ አሁን ሥራ ጨርሼ ተመለስኩ። ጨዋታውን ሌላ ጊዜ እጽፍልዎታለሁ።

ተቀይመውን ነው? ሐኪሙ አዲስ ነገር ነገሩዎት? ለማያውቁት ሰው እንደሚጻፈው ብርድ ልብስ ደርቢ፣ ምግብ እንዳትዘልዪ ብለው ብቻ ተሰናበቱኝ። ጋሼ፣ እባክዎ ስለ እሱ ይጠይቁኝ። የሚጠይቀኝ ሌላ ሰው የለም።


ታኅሣሥ 19

እህቴ፣

ነገ ጠዋት ነው የሚያስገቡኝ። እንድጠይቅሽ ለምነሻልና እጠይቅሻለሁ።

ወንድሜን የት ቀበራችሁት?

አትደንግጪ። እኔ ከደነገጥኩ ሰነበትኩ። ደንግጬም ይኸው አለሁ፤ የሐኪሙ ማስጠንቀቂያ ከኔ ልብ ጋር አልተዋወቀም።

ያቺ የዕቃ ክፍል ምን ያህል ጠባብ እንደነበረች አልነገርኩሽም። በር ያለበት ጎን የእኔ ነበር፣ ታላቅ ስለነበርኩ። ኳሷ ስትርቅ በበሩ ወጥቼ ከኮሪደሩ እመልሳት ነበር፤ ከሩቅ መጫወት የተማርኩት እንዲያ ነው። በእሱ ጎን ግን ግድግዳ ነበር። ወደ ኋላ ቢል ጭንቅላቱ ይጋጫል። ስለዚህ ሆዱን ከጠረጴዛው አጣብቆ ኳሷን ገና ከመንጠሯ መመለስ ለመደ። ካደገም በኋላ፣ የፈለገው ያህል ሰፊ አዳራሽ ውስጥ ይግባ፣ ያ ግድግዳ ከኋላው ነበር። እሱ ከቅርብ እኔ ከሩቅ ሆነን ጥንድ ስንጫወት የሚደፍረን ያልነበረው ለዚህ ነው። ወንድሜ በሕይወቱ ከጠረጴዛው አንዲት እርምጃ ርቆ አያውቅም። አንቺ ግን ጀርባው ግድግዳ እስኪነካ አፈገፈገ ብለሽ ጻፍሽልኝ። እግሩን እይልኝ ብዬ ዕድል ብሰጥሽ ጭራሽ ወለሉን አስሮጥሽው። እህቴ፣ ያ እሱ አይደለም። የጻፍሽው እኔን ነው።

መጀመሪያ ታሞ ይሆናል አልኩ። ከዚያ ተጣልታችሁ ቤት ጥሎ ሄዶ ይሆናል አልኩ፤ እንዲሆንም ተመኘሁ። የፀጉር አስተካካዩ ሰላምታ ግን አላስተኛኝ አለ። ያ ሰው በደህና ጊዜ ለእኔ አንድ መልካም ቃል ተናግሮ አያውቅም። ሆስፒታል ስገባ እንኳ «አልጋውን እንዳትሰብርባቸው» ብሎ ነው የሸኘኝ። እሱ «ውድ ወንድማችን» ካለ አንድ ትልቅ ነገር ወድቋል ማለት ነው። ሹራቡም ክርኑ ላይ የተጣፈው የሱ ሹራብ ነው። ለእኔ ሲል ሰጥቶኝ ይሆናል እያልኩ ለብሼው ከረምኩ። ስለ ባዶዎቹ ራኬቶች ስትጠይቂኝ ግን የምሸሽበት አልቀረኝም።

ማወቅዎን ለምን አልነገሩኝም ትይኝ ይሆናል። እየጻፍሽልኝ ቅዳሜ ቅዳሜ ይጫወት ነበራ። አጨዋወቱ የሱ ባይሆንም ስሙ ተጠርቶ ጠረጴዛው ጋ ይቆም ነበር። ደብዳቤሽን አንብቤ እስካጥፈው ድረስ ወንድም ነበረኝ። መጨረሻ ላይ ግን አቃተኝና መጠየቅ አቆምኩ። አልቅሻለሁም። እዚህ ለቅሶ ትንፋሽ ይጨርሳል፤ በያጁ ከአልጋው ወርዶ ጀርባዬን ደግፎ ያዘኝ፣ ምን እንደሆንኩ እንኳ አልጠየቀኝም።

አንድም ቅያሜ የለኝም። ባልሽን ቀብረሽ ለእኔ ስትይ ስታጫውቺው የከረምሽ ሴት ነሽ፤ ምን ብዬ እቀየምሻለሁ?

ራኬቱን ማንም አይንካው። ካልተመለስኩ የሁለታችንንም አንቺ ላጪው። ከአጋሩ በቀር አይፈቀድም ካሉሽ አጋሩ ራሱ ፈቅዷል በያቸው። ከጠርዙ ጀምረሽ ቀስ በቀስ ሳቢው።


ታኅሣሥ 28

ጋሼ፣

ይህን ማን እንደሚያነበው አላውቅም። ለሆስፒታሉ ስደውል የሚነግሩኝ ገና አልነቁም ብቻ ነው። ቢሆንም የጠየቁኝን ልመልስ።

ከእናታችሁ አጠገብ ነው የቀበርነው። ነሐሴ ውስጥ ነበር። መስታወት ቤቱ ውስጥ የተደረደሩት ትላልቅ መስታወቶች ከነመደርደሪያቸው ዘመሙ። ባልደረባው እንደነገረኝ ሁሉም ወደ ኋላ ዘለሉ፣ እሱ ብቻ ወደ ፊት ሄዶ በሁለት እጁ ሊይዛቸው ቆመ፤ ወደቁበት። ወደ ኋላ ለመሄድ ቦታ ነበረው ጋሼ። ሰፊ ቦታ ነበረው። ለምን አልሸሸም እያልኩ ስንት ቀን ተናድጄበታለሁ፤ ሞቶ እንኳ ተቆጥቼዋለሁ። የእርስዎን ደብዳቤ ካነበብኩ በኋላ ግን ቁጣዬ የት እንደሄደ አላውቅም። እግሩ እዚያች ክፍል ውስጥ ነበር የቀረው።

ያን ሰሞን ክለቡ ቤቴ ተሰብስቦ ነበር። ታክሲ ነጂው አሁኑኑ ነድቼ ሄጄ እነግረዋለሁ ብሎ ቁልፉን አንስቶ ተነሣ። መምህርቷ በሩ ላይ ቆማ ከለከለችው። አንዱን ቀብረን ሌላውን በወሬ አንገድልም፣ መጀመሪያ ቀዶ ጥገናው ይደረግ አለች። ሁላችንም ተስማማን፣ ጸሐፊነቱም እንደ ወትሮው ለእኔ ቀረ። የጻፍኩትን ላነብላቸው ስል መስማት አልቻሉም፤ ፀጉር አስተካካዩም ሳያነብ ነው ከታች የጨመረው። ስለዚህ ያረመኝ አልነበረም።

እኔ እሱ ሲጫወት አይቼ አላውቅም። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ። አብረን በኖርንበት ዘመን ሁሉ ደጅ ላይ ነበር የምጠብቀው። ያየሁት ጨዋታ አንድ ነው፤ ከመጋባታችን በፊት አንዴ ይዞኝ ገባ፣ እርስዎ ከአንድ ወፍራም ሰውዬ ጋር ይጫወቱ ነበር። «ጋሼን እይ፣ እኔ ሁሉንም የተማርኩት ከሱ ነው» አለኝ። ስለዚህ እሱም እንደ እርስዎ ይጫወታል ብዬ አሰብኩ። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ እሄዳለሁ፤ ሽታውንም ለምጄዋለሁ። ስፌት ይዤ የምቀመጠው ከራኬቱ ሥር ነው። ሰው ሲጫወት አያለሁ፣ እሱን ግን የማየት ዕድሉን ደጅ ላይ ቆሜ ጨረስኩት።

ራኬቱ እንዳለ ነው። ማንም አልነካውም። እኔም አልነካውም። ይምጡና ራስዎ ይላጡት፤ ሌላ የምልዎ የለኝም።


የካቲት 3

እህቴ፣

ይህን የሚጽፍልኝ በያጁ ነው። እኔ እየተናገርኩ መሐል ላይ አርፋለሁ፣ እሱ እየጻፈ መሐል ላይ ያርፋል፤ እንዲያ እንዲያ እያልን ከጠዋት እስከ ምሳ እዚህ ደርሰናል።

ደብዳቤሽን ስነቃ እሱ ነው ያነበበልኝ። ከእናታችን አጠገብ ማድረጋችሁ ጥሩ ነው። ሌላውን ሰምቼዋለሁ፤ ለመናገር ትንፋሹ ሲኖረኝ እናወራዋለን። ወይም ዝም እንላለን።

አንዱን ሳንባ አወጡት። ሐኪሙ ከእንግዲህ መሮጥ የለም፣ ደረጃም በእረፍት ነው አሉኝ። ቴኒስስ ብዬ ጠየቅኳቸው። አንድ ቦታ ቆመህ ከሆነ አሉ። እኔ ወደ ኋላ ሄጄ ነው ሰው የሆንኩት፤ የእኔ ጨዋታ አብቅቷል ማለት ነው። ለፀጉር አስተካካዩ ንገሪው፣ ይደሰት። አሁን ደግሞ ሊያዝንልኝ ቢሞክር ሰርቪሱን እመልስለታለሁ በይው።

በመጋቢት ይለቁኛል። ከመናኸሪያው በቀጥታ ወደ ምድር ቤቱ ነው የምመጣው፤ ደረጃውን እስክወርድ ታገሡኝ። ጎማውን እልጣለሁ። ብዘገይም ማንም እንዳያግዘኝ። እንጨቱን ከሰቀልኩ በኋላ የራሴን ራኬት አንስቼ በእሱ በኩል እቆማለሁ፣ ሆዴን ከጠረጴዛው አጣብቄ።

አንቺ ስፌትሽን ይዘሽ አግዳሚው ላይ ተቀመጪ። እግሬን እይልኝ። ወደ ኋላ ካልኩ ንገሪኝ።